ሀይብሪድ ትልልቅ መኪና፦ ጭማሪው ያዋጣል ወይ?

አምባሳደር አካባቢ ባለች ትንሽ አዳራሽ ለመኪና ባለቤቶችና ለድርጅት ስምሪት ሰራተኞች የተናገርኩት ነው። ከቀረጻው ላይ ነው የጻፍኩት፣ ድግግሞሹን ትንሽ ቀነስኩ እንጂ አነጋገሬን አልነካሁትም።

እሺ፣ እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ፣ እንቀጥል። ሰው መኪና ሊገዛ ሲል ሚጠይቀኝ ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ «ሀይብሪዱን ልግዛ ወይስ ኖርማሉን?» ይለኛል፣ ከዛ መልሱን ባንድ ቃል ይጠብቃል። ሀይብሪድ ማለት ቤንዚን ሞተርና ኤሌክትሪክ ሞተር አብሮ ያለው ነው፣ ኖርማል ምንለው ደግሞ ቤንዚን ብቻ ያለውን። እኔ ደግሞ መልሼ «መኪናው የት የት ነው ሚቆመው?» እለዋለሁ። ብዙ ሰው ግር ይለዋል፣ «የት ነው ሚሄደው ለማለት ነው?» ይላል። አይደለም፣ ሚቆመው ነው ያልኩት። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችልን ወጥቶ ፒያሳ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይቆማል፣ ሜክሲኮ ጋ ሞተሩ እየሰራ ስንት ደቂቃ ዝም ብሎ ይገተራል፣ ካዛንቺስ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲያወጣ ስንት ሰዓት ተሰልፎ ይጠብቃል። ሀይብሪድ ገንዘብ ሚመልስላችሁ እዛ ቦታ ላይ ነው፣ ሌላው ቦታ ላይ ሚሰራው በጣም ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ጥር 2016 ላይ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የግል አውቶሞቢል ወደ ሀገር አይገባም ተብሏል፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለዚ እዚ ቁጭ ብለን ስለ ሀይብሪድ ኤስዩቪ፣ ማለት ስለ ትልልቁ መኪና፣ ምናወራው ሄደን አዲስ ልናዝ አይደለም። ግማሻችሁ ወንድም ወይ እህት አሜሪካ አላችሁ፣ አራት ልጅ አላቸው፣ ሶስት ረድፍ ወንበር ያለው መኪና ይፈልጋሉ፣ ስልክ ደውለው «አንተ መካኒክ ነበርክ አይደል፣ ምን ይሻለኛል» ይሏችኋል። ሌላው ደግሞ ድርጅት ውስጥ ስምሪት ላይ ነው ሚሰራው፣ መኪናው ተገዝቶ ይመጣለታል፣ እሱ ቀሪ ህይወቱን ነዳጅ ይፈርማል። ሌላው ደግሞ እገዳው ከመምጣቱ በፊት ገብቶ እጅ በእጅ ሚዟዟረውን መኪና በደላላ ሚገዛ ነው፣ እሱ ዛሬ ብዙ ሚያስፈራኝ ሰው ነው፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ሀይብሪድ ምን እንደሚሰራ በደንብ እንየው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ተአምር አድርጎ ነው ሚያስበው። ገመድ ማይሰካበት ሀይብሪድ ጉልበቱ ሁሉ ሚመጣው ከቤንዚኑ ነው፣ ሌላ ምንጭ የለውም። ሚያደርገው ሌላው መኪና ሚጥለውን ለቅሞ ማስቀመጥ ነው። መኪናው ሲቆም ሞተሩን ያጠፋል፣ ትልቅ ቤንዚን ሞተር ቆሞ በስራ ፈት ብቻ በሰዓት 1 ሊትር ተኩል ገደማ ይጠጣል፣ ያንን አስቀረላችሁ ማለት ነው። ፍሬን ስትይዙ ደግሞ ጎማው የኤሌክትሪክ ሞተሩን እያዞረ ባትሪ ይሞላል፣ ኖርማሉ መኪና ላይ ያ ጉልበት የፍሬን ሸራ ሲያሞቅ ነው ሚቀረው። ስትነሱ መጀመሪያ ያችን ሃይል ትጠቀማላችሁ፣ መኪና ደግሞ ብዙ ነዳጅ ሚጠጣው ከቆመበት ሲነሳ ነው። በቃ ይሄው ነው። መቆም፣ መነሳት፣ ፍሬን መያዝ ከሌለ ግን ሚለቀም ነገር የለም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ሰው ሁሉ «ሀይብሪድ ለትንሽ መኪና ነው፣ ትልቅ መኪና ገዝተህ ስለ ነዳጅ ማውራት ምንድነው» ይላል። ተገላቢጦሽ ነው። ትንሽ መኪና በ100 ኪሎሜትር 7 ሊትር ምትጠጣ እንበል፣ ሀይብሪድ አድርጋችኋት ግማሹን ብትቆጥብላችሁ እንኳን ያገኛችሁት 3 ሊትር ተኩል ነው። ትልቁ መኪና ግን በከተማ 17 ሊትር ሚጠጣ ከሆነና ሀይብሪዱ ሲሶውን ብቻ ቢቀንስለት ወደ 6 ሊትር ትርፍ አላችሁ። ፐርሰንት አትዩ፣ ሊትር ቁጠሩ፣ ማደያ ላይ ፐርሰንት አይቀዳም። ስለዚ በመርህ ደረጃ ሀይብሪድ ሚያምርበት ትልቁ መኪና ላይ ነው። በመርህ ደረጃ ያልኩት ባለ ፋብሪካዎቹ ይሄን ሲያውቁ ምን እንዳደረጉ ስለማውቅ ነው።

ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ሀይብሪድን ሁለት አድርገው ሸጡት። አንደኛው ነዳጅ ለመቆጠብ የተሰራ ነው፣ ሁለተኛው ጉልበት ለመጨመር የተሰራ ነው። ሁለቱም ላይ «ሀይብሪድ» ሚል ተለጥፏል፣ ደላላውም ሻጩም ልዩነቱን አይነግሯችሁም። አንዳንዴ ራሳቸውም አያውቁትም።

አንድ መኪና ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። አሜሪካ ሚሸጠው ቶዮታ ግራንድ ሃይላንደር፣ በፈረንጅ ከ2023 ጀምሮ የወጣው (የመኪኖቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጠራው)፣ ሶስት ረድፍ ወንበር ያለው፣ እሱ በሶስት አይነት ይመጣል። ኖርማሉ ቤንዚን በአሜሪካ መንግስት ልኬት ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎሜትር 11 ሊትር ትንሽ አለፍ ያለ ይጠጣል፣ በረጅም መንገድ 8 ሊትር ተኩል ገደማ። ቆጣቢው ሀይብሪድ ከተማ ውስጥ 6 ሊትር ተኩል እንኳን አይሞላም፣ በረጅም መንገድ 7 አካባቢ ነው። አስተዋላችሁ? ከተማ ውስጥ ወደ 5 ሊትር ይተርፋል፣ ረጅም መንገድ ላይ 1 ሊትር ተኩል ብቻ። ይሄ መኪና ሲወጣ በመካከለኛው ደረጃ ላይ የሀይብሪዱ ጭማሪ 1,600 ዶላር ነበር። እዛ ሀገር ሰው በዓመት 15 ሺ ማይል ቢነዳ፣ ጋሎኑን 3 ዶላር ከ30 ብንይዘው፣ በዓመት ወደ 690 ዶላር ነዳጅ ይቀርለታል፣ ሁለት ዓመት ከምናምን ላይ ጭማሪውን መለሰ ማለት ነው። ከዛ በኋላ ትርፍ ነው። ወንድምህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ስልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ይሄን ከጠየቀህ «ያዝ፣ አታስብ» በለው፣ ቤልትዌይ ሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ጠዋትና ማታ ሚቆም ሰው ነው።

ሶስተኛው አይነት ግን አለ፣ ሀይብሪድ ማክስ ሚሉት። እሱ 362 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ቆጣቢው 245 ነው ያለው። ይሄኛው በድምር ከኖርማሉ ቤንዚን ሚቆጥበው ጥቂት ነው፣ ከላይ ባልኩት ሂሳብ በዓመት ወደ 230 ዶላር ቢሆን ነው፣ ዋጋው ግን ብዙ ሺ ዶላር ይጨምራል። ይሄን ሚገዛ ሰው ጉልበት ነው የገዛው፣ ጉልበት መግዛት ሃጢያት አይደለም፣ ግን «ነዳጅ ለመቆጠብ ብዬ» እንዳይል። ሌክሰስ ኤልኤክስ 700ኤች ሚባለው በ2024 መጨረሻ ይፋ የሆነው ትልቁ ደግሞ ከዛም ይብሳል፣ ከኖርማሉ ኤልኤክስ 600 ጋር በፍጆታ ሲተያይ ልዩነቱ በጣም ጠባብ ነው፣ ዋጋው ግን በሺዎች ዶላር ይራራቃል። ሂሳቡን ሰርታችሁ ዕድሜ ልክ ብትነዱት አይመልስም።

ሴኮያ ሚባለው የቶዮታ ግዙፍ መኪና ላይ ደግሞ ምርጫም የለም። ከ2023 ሞዴል ጀምሮ ሴኮያ ሀይብሪድ ብቻ ነው ሚመጣው፣ 3.4 ሊትር ባለ ሁለት ቱርቦ (ቱርቦ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ሚያስገባው ነው) ቪ6 ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር፣ 437 የፈረስ ጉልበት። ከድሮው 5.7 ሊትር ቪ8 ጋር ስታወዳድሩት በጣም ቆጥቧል፣ ባለ አራት ጎማ ጉልበቱ ከ17 ሊትር አካባቢ ወደ 12 አካባቢ ወርዷል። ግን ያ ቁጠባ የሀይብሪዱ ብቻ አይደለም፣ ሞተሩም አንሷል፣ ማርሹም 10 ሆኗል። ሌላ ደግሞ ሰው ማይነግራችሁ ነገር፣ ባትሪውን ከኋላ ወንበር ስር ነው ያስገቡት፣ ስለዚ ሶስተኛው ረድፍ ሲታጠፍ ወለሉ ለጥ አይልም፣ ከፍ ብሎ ይቀራል። ይሄን ያህል ቁመት ያለው መኪና ገዝቶ ለበዓል ሁለት በግና የእህል ጆንያ ሲጭኑበት አልገባም ቢል ሚስቅ ብዙ ነው።

(ሳቅ)

ታሪኩን ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ በ2008 ሞዴል ሸቭሮሌ ታሆ ሀይብሪድ አውጥቶ ነበር፣ 6 ሊትር ቪ8 ያለው ግዙፍ መኪና፣ ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተር ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ውስጥ ተከቶበት። ያንን ሲስተም ከቢኤምደብሊውና ከዳይምለር ክራይስለር ጋር ሆነው ነው የሰሩት። ከተማ ውስጥ የኖርማሉ ታሆ 17 ሊትር ወደ 11 ወረደ፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሽልማትም አግኝቷል፣ የዓመቱ አረንጓዴ መኪና ተብሎ። ግን ዋጋው ከጀመረበት 50 ሺ ዶላር አካባቢ ነበር፣ ሰው አልገዛውም፣ እስከ 2013 ተንጠልጥሎ ቆሞ ጠፋ። ቴክኒኩ አልከሸፈም እኮ፣ የከሸፈው ዋጋው ነው። ያን ጊዜ ነዳጅ ወደቀ፣ ሰውም ቁጭ ብሎ ሲያሰላው ጭማሪው በሰባትና በስምንት ዓመት እንኳን ሚመለስ አልሆነለትም። ዛሬ ደግሞ ያንን መኪና ሚገዛ ሰው ዕቃ ከየት ያመጣል? ጥቂት የተሸጠ መኪና መለዋወጫውም ጥቂት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ ስለ አዲስ አበባ ሳወራ ይመጣል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንምጣ። አዲስ አበባ ለሀይብሪድ ሶስት ነገር አላት፣ ሁለቱ ይጠቅማሉ አንዱ ይጎዳል።

ሚጠቅመው መጀመሪያ ከፍታው ነው። እዚ የቆምንበት ቦታ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ከባህር ዳርቻው ሲተያይ 20 ፐርሰንት ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዛው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ስለዚ ወረቀቱ ላይ 300 የፈረስ ጉልበት ሚለው መኪና እዚ 240 ነው ሚሰጣችሁ። ቸርችልን ሲወጣ ነዳጅ እየረገጣችሁ «ምን ሆነብኝ» ምትሉት ለዚ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም፣ አዲስ አበባም ጅቡቲም አንድ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተርም ይሄን ባብዛኛው ያካክሳል። ቱርቦ የሌለው ሀይብሪድ ግን እዚ ሀገር ከወረቀቱ በላይ ሚሰጠው ጥቅም አለ፣ ሽቅብ ሲነሳ በኤሌክትሪኩ ተደግፎ ነው።

ሁለተኛው ሙቀቱ አለመብዛቱ ነው። የባትሪ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው፣ አሪዞና ወይ ዱባይ ያለ ሀይብሪድ ባትሪውን ቶሎ ይገድላል። የኛ አየር ለባትሪ ምቹ ነው፣ ኤሲም ብዙ አናበራም። ይሄ አይወራም እንጂ ትልቅ ነገር ነው።

ሚጎዳው ደግሞ አቧራው። ይሄ ላይ ቆም ልበል። ብዙዎቹ የቶዮታ ሀይብሪዶች ባትሪያቸውን ሚያቀዘቅዙት በአየር ነው፣ አየሩን ደግሞ ሚስቡት ከውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ስር ወይ ጎን ካለች የላስቲክ መስኮት ነው፣ ከዛ ጀርባ ትንሽ ቬንትሌተር አለች። ያቺ መስኮት ላይ ምን ታደርጋላችሁ? ጋቢ፣ ፌስታል፣ የልጅ ጫማ፣ ከገበያ የመጣ ጆንያ። ከላይ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ሲሰራ ከተማው ሙሉ አቧራ ነበር፣ ከከተማ ወጥታችሁ ፒስታ ላይ ስትነዱ ደግሞ ሌላ አቧራ። ቬንትሌተሯ ትደፈናለች፣ ባትሪው ይሞቃል፣ ይዳከማል፣ ከዛ ሰው «ሀይብሪድ እዚ ሀገር አይሆንም» ብሎ ይፈርዳል። አንዳንዶቹ ላይ ሚጸዳ ማጣሪያ አለች፣ አውጥቶ ማራገፍ ነው። ይሄ አምስት ደቂቃ ማይፈጅ ስራ ነው፣ ጋራዥ ወስዳችሁ «ሰርቪስ» ስትሉ ግን ዘይትና ፊልትሮ ቀይሮ ይመልሳችኋል እንጂ ወንበር ስር ሚያይ የለም።

አሁን ገንዘቡን በብር እንስራ። ቤንዚን ጥር 2017 አካባቢ ሊትሩ 100 ብርን አለፈ፣ ከዛም ጨመረ፣ ለስሌት እንዲመቸን 130 እንያዘው። በዓመት 12 ሺ ኪሎሜትር መሀል ከተማ ሚነዳ ሰው በየመቶ ኪሎሜትሩ ወደ 5 ሊትር ከቆጠበ 600 ሊትር ገደማ ነው፣ በብር 75 ሺና 78 ሺ መካከል። ያው ሰው ያንኑ 12 ሺ ኪሎሜትር በአዳማ ፈጣን መንገድ ቢነዳው 1 ሊትር ተኩል ብቻ ነው ሚቆጥበው፣ 180 ሊትር፣ 23 ሺ ብር። እንግዲህ ደላላው «ሀይብሪድ ስለሆነ» ብሎ 600 ሺ ብር ቢጨምርባችሁ የከተማው ሰው በስምንት ዓመት ይመልሳል፣ የአዳማው ሰው በሃያ አምስት። 300 ሺ ቢጨምርባችሁ የከተማው ሰው በአራት ዓመት ይመልሳል፣ ያ ያዋጣል እላለሁ። የሰፈራችሁ ትራፊክ ከአሜሪካው ልኬት በላይ ከሆነ፣ ነውም፣ ከዛም ቶሎ ይመለሳል። ስለዚ ደላላው ዋጋ ሲጠራ መኪናው ስንት ነው ብላችሁ አትጠይቁ፣ ያው አይነት ኖርማሉ ስንት ነው ብላችሁ ልዩነቱን አውጡ፣ እሱን በ75 ሺ አካፍሉት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፣ ልዩነቱን ያላሰላ ሰው ላይ ነው ሚቆረጠው።

ሌላው ሂሳብ ውስጥ ማይገባ ግን ሚሰማ ነገር ማደያ ላይ ሰልፍ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ ሰልፍ ላይ ማደር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሀይብሪዱ ሰልፍ ሚገባበትን ቁጥር ይቀንስላችኋል፣ ሰልፉ ውስጥ ሲንፏቀቅም ሞተሩ ጠፍቶ ነው። እኔ ይሄን በብር አልተምነውም፣ ሚተምን ካለ ደስ ይለኛል።

እስቲ ስለ ቁልቁለት ላውራ፣ ድርጅት ውስጥ ያሉት ሁሌ ይሄን ነው ሚከራከሩኝ፣ «አባይ በረሃ ስንወርድ ባትሪው ይሞላል፣ ስንወጣ በነጻ ነው» ይላሉ። አስሉት። 2,600 ኪሎ ሚመዝን መኪና 100 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ ሚለቀው ጉልበት 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የሴኮያ ባትሪ ጠቅላላው 1.87 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ያውም ከላይም ከታችም ጠብቆ መሀሉን ነው ሚጠቀመው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ሚወረደው፣ ስለዚ በመጀመሪያዎቹ ጥምዝምዞች ባትሪው ጢም ይላል፣ ከዛ በኋላ ያለው ቁልቁለት ሁሉ እንደ ድሮው በሞተርና በፍሬን ነው። ስለዚ ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ፣ ባትሪው ይይዘዋል ብላችሁ ማርሽ አውጥታችሁ በፎሌ እንዳትለቁት። እንጦጦን ስትወርዱም ያው ነው፣ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ደስ ይላችኋል ከዛ ቆጣሪው አይንቀሳቀስም። ቸርችል ላይ ግን፣ አጭር ቁልቁለት፣ ቆም፣ እንደገና አጭር ቁልቁለት፣ ቆም፣ እዛ ነው ባትሪው በልኩ ሚሞላውና ሚያልቀው። ትንሽ ባትሪ ለአጭር ስራ ነው የተሰራው።

አሁን ያልኳችሁ ሚያስፈራኝ ሰው፣ ያገለገለ ሀይብሪድ በደላላ ሚገዛው። እሱ ኪሎሜትሩን ያያል፣ ቀለሙን ያያል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይት ያያል፣ ሊብሬውን ያያል። ባትሪውን አያይም። የባትሪ ዕድሜ ደግሞ በኪሎሜትር ብቻ አይለካም፣ በዓመትም ያረጃል። ቶዮታ አሜሪካ ላይ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሀይብሪድ ባትሪ 10 ዓመት ወይ 150 ሺ ማይል ዋስትና ይሰጣል፣ ይሄ ስለ ጥንካሬው ጥሩ ነገር ይነግራችኋል፣ ግን ያ ዋስትና አሜሪካ ለገዛ ነው፣ እዚ ለኛ ወረቀት ነው። ስለዚ ስትሞክሩት ሽቅብ ውሰዱት፣ ረጅም ዳገት፣ የባትሪውን መስመር እያያችሁ ንዱ። ሙሉ የነበረው በአንዴ ዘጭ ካለ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በአንዴ ጢም ካለ፣ አቅሙ አልቋል፣ ትንሽ ብቻ ነው ሚይዘው። ከዛ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ይዛችሁ ሂዱና የእያንዳንዱን ክፍል ቮልቴጅ አስነብቡ፣ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ያንን ነው ደላላው ማይነግራችሁ። ደግሞ አንድ ሁለቱን ክፍል ብቻ ቀይሮ «ባትሪው ታድሷል» ሚሏችሁ አሉ፣ አሮጌና አዲስ አብሮ ሲሰራ አሮጌው ይዘገያል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላው ይወድቃል።

ብር ከሐምሌ 2016 በኋላ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ዕቃ በዶላር ነው ሚመጣው። ስለዚ የባትሪውን ዋጋ ከመግዛታችሁ በፊት አጠያይቁ፣ ከገዛችሁ በኋላ አይደለም፣ የታሆውን ነገር አስታውሱ። ብዙ የተሸጠ ሀይብሪድ ምርጡ ሀይብሪድ ነው ባይ ነኝ፣ ውበቱን ተዉት።

ሚዛን ለመስጠት ያህል፣ ሀይብሪዱ ሚያስቀርላችሁ ጥገናም አለ። ቆጣቢው አይነት፣ እንደ ሃይላንደር ያለው፣ ሞተር ሚያስነሳው ሞተሪኖ የለውም፣ ዲናሞ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ማርሽ በጣም ቀላል ነው። የፍሬን ሸራውም ይቆያል፣ ባብዛኛው ኤሌክትሪኩ ስለሚይዝለት። ያገሬ መካኒክ ሲያየው የተወሳሰበ ይመስለዋል፣ ግን ሚሰበር ነገር ቁጥሩ ከኖርማሉ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ችግሩ ሲሰበር ሚነካው ሰው ነው፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሚያልፍበት ብርቱካንማ ሽቦው ሰው ይገድላል፣ ማንም እንዳይነካው። አሁን ኤሌክትሪክ መኪና ስለበዛ ሃይ ቮልቴጅ ሚገባቸው ወጣቶች እየወጡ ነው፣ ይሄ ለሀይብሪድ ባለቤትም ጠቅሟል።

እሺ ጥያቄ። አዎ፣ እህቴ።

«እኔ ድርጅት ውስጥ ነው ምሰራው፣ ሀይብሪድም ናፍጣም አለን፣ ሁሉም ግማሹን ጊዜ ከተማ ግማሹን ፊልድ ናቸው። ሁለቱን ምን ላድርጋቸው?»

ለዩዋቸው። ሁሉንም መኪና ግማሽ ግማሽ አታሰሪ፣ ይሄ የስምሪት ስህተት ነው። ሀይብሪዶቹን ለስብሰባ፣ ለአየር ማረፊያ፣ ለባንክና ለሚኒስቴር ምልልስ ብቻ መድቢ፣ ናፍጣዎቹን ፊልድ ላኪ። በረጅም መንገድ ላይ ናፍጣ ላንድ ክሩዘር አሁንም ከቤንዚን ሀይብሪድ ጋር በፍጆታ ሚወዳደር ነው፣ በየገጠር ከተማው ደግሞ ሚነካው መካኒክ አለው። እንደዚ ሆነው ሳለ ሀይብሪዱን «አዲስ ነው» ብሎ ለአለቃው ፊልድ ማድረግ፣ አሮጌውን ናፍጣ ሜክሲኮ ላይ ማስቆም ሁለቱንም ማክሰር ነው። ይሄን ለአለቃሽ በጽሁፍ ብትሰጪው ይሻላል፣ በቃል አይሰማም።

(ሳቅ)

አንተ፣ ከኋላ።

«ጋሼ፣ ለምንድነው ስለ ሀይብሪድ ምናወራው ራሱ? ሙሉ ኤሌክትሪክ አይሻልም?»

መሀል ከተማ ለሚኖር፣ ግቢ ውስጥ ሚሰካበት ላለው ሰው፣ አዎ ይሻላል፣ ክርክር የለኝም። ሀይብሪዱ ሚጠቅመው ሁለቱንም ለሚያደርግ ሰው ነው፣ ሳምንቱን ከተማ፣ ከዛ ቤተሰብ ጭኖ ደሴ ወይ ጎንደር ሚል። ሚሰካው ሀይብሪድ፣ ፕለጊን ሚሉት፣ እሱ ሁለቱን ያገናኛል፣ ቻይኖቹ ደግሞ ሞተሩ ጎማ ሳይነካ ጀነሬተር ብቻ ሚሆንበት ትልልቅ ኤስዩቪ ይሰራሉ፣ ሊ ኤል9 በ2022 ሲወጣ 44.5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይዞ ነው የወጣው፣ ያ ለከተማ ስራ ከበቂ በላይ ነው። ግን አንድ ነገር፣ ፕለጊን ገዝቶ ማይሰካ ሰው አለ። እሱ ከባድ ባትሪ ተሸክሞ በቤንዚን እየነዳ ነው፣ ከኖርማሉ ሀይብሪድ ይብስበታል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሆነህ ገመድ ከመስኮት ማውረድ ካለብህ አታስበው።

የመጨረሻ። አባባ፣ ይበሉ።

«ልጄ፣ ባትሪው ቢሞት መንገድ ላይ መኪናው ይቆማል ወይስ በቤንዚኑ ይሄዳል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው አባባ፣ መልሱም እንደ አይነቱ ነው። ቆጣቢው አይነት ሞተሪኖ የለውም ብዬ የለ፣ ቤንዚኑን ሚያስነሳው ራሱ ትልቁ ባትሪ ነው፣ ስለዚ እሱ ከሞተ መኪናው አይነሳም። ሌክሰስ ኤልኤክስ 700ኤች ላይ ግን ሆን ብለው ሞተሪኖም ዲናሞም ተዉለት፣ ሀይብሪዱ ቢበላሽ በቤንዚን ብቻ ወደ ቤት እንዲመለስ፣ በረሃ ለሚገባ መኪና ማሰባቸው ነው። ሌላው ደግሞ ባብዛኛው ሚሞተው ትልቁ ሳይሆን ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ናት፣ እሷን ከሌላ መኪና ማንቃት ይቻላል፣ ስለዚ መጀመሪያ እሷን ያስመርምሩ፣ ከዛ በፊት ማንም ትልቁን ባትሪ እንዳይፈታብዎ። ከቆመ ግን ገመድ አስሮ ማስጎተት የለም፣ ጎማው መሬት ላይ ሲዞር የኤሌክትሪክ ሞተሩም አብሮ ይዞርና ሊቃጠል ይችላል። አራቱም ጎማ ሎቤድ ላይ ወጥቶ ነው ሚሄደው፣ ልጆቹ «እንግፋልዎ» ቢሉም እሺ እንዳይሉ፣ ተገፍቶ ሚነሳ መኪና አይደለም።